ፋብሪካው ራሱ ያልጨረሳቸው መኪኖች

የጣሊያን ጥንታዊ ሱፐርካሮች ወዳጆች «ኦሪጅናል» የሚሉት የትኛውን መኪና ነው?

በሰሜን ጣሊያን፣ ከኮሞ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቼርኖቢዮ፣ የጸደይ ወራት ሲገባ የጥንታዊ መኪኖች የቁንጅና ውድድር ይካሄዳል። ቪላ ዴስቴ በተባለው ታሪካዊ ቅጥር ግቢ መኪኖቹ ተራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ተመልካቹ የቀለማቸውን ድምቀት፣ የኮፈናቸውን ዝቅታ፣ የማርሚታቸውን ድምፅ እያደነቀ ያልፋል። የዳኛ ዓይን የሚያርፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቱ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ መብራት ያበራል። አንዱ ዳኛ ጎንበስ ብሎ በባትሪ ብርሃን የሞተሩን ቁጥር ይፈልጋል፤ ሌላው የውሃ ቱቦውን ማሰሪያ፣ የብሎኖቹን ጭንቅላት፣ የወንበሩን ስፌት ይመረምራል። ቁጥሩ ከተገኘም በኋላ ጥያቄው አያበቃም። አኃዞቹ ብረቱ ላይ የታተሙት በእጅ፣ በመዶሻ ምት ስለሆነ የምታቸው ጥልቀትና አሰላለፋቸው ሳይቀር ይታያል፤ ሐሰተኛ ቁጥር አሳምሮ የሚመታ እጅ እንዳለ በዚያ ሜዳ ላይ የማያውቅ የለም።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይሰፍራሉ፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ብልህ ሰው ሁለቱን ሳያመሳክር፣ ቦዲው ከቀለሙ ሥር ስቱኮ መሸከም አለመሸከሙን ሳያንኳኳ ቀብድ አይከፍልም። በጣሊያኖቹ ጥንታዊ መኪኖች ዘንድ ልዩነቱ የመጠን ነው፤ የአንድ ሞተር ቁጥር ከሻንሲው ታሪክ ጋር አለመግጠሙ በመቶ ሺህዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሊያሳጣ ይችላል። ፌራሪ በ2000ዎቹ አጋማሽ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቆዩ መኪኖቹን እየመረመረ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ክፍል ያቋቋመው፣ ላምቦርጊኒም በ2015 በተመሳሳይ መንገድ የተከተለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ገበያ ኦሪጅናልነት ከምስጋና አልፎ ፍርድ ሆኗል።

ፍርዱ ግን ከየትኛው ቀን ጋር ነው የሚመሳከረው? የተለመደው መልስ መኪናው ከፋብሪካው በር ከወጣበት ቀን ጋር የሚል ነው። ለብዙ መኪና ይህ መልስ ይበቃል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሞዴና ዙሪያ በእጅ ለተሠሩት ግን ጠባብ ነው፤ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው ሥራው ያለቀ አድርገው አያዩትም ነበርና። በእኔ እምነት በእነዚህ መኪኖች ላይ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ማስረጃ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካቸው የሚናገር ማስረጃ። በአገልግሎት ዘመናቸው የተደረገባቸው ብርቅ ለውጥ የኦሪጅናልነታቸው አካል ነው። ያንን ለውጥ ጠራርጎ መኪናውን ወደ ልደቱ ቀን የሚመልስ ጥገና ደግሞ፣ የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን፣ ታሪክ ሊያጠፋ ይችላል።

ከአሸዋ ከረጢት ላይ የተነሳ ላሜራ

ማራኔሎ፣ ሞዴናና ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በአንድ ሜዳማ አካባቢ፣ በአጭር የመኪና ጉዞ የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ፌራሪ በመጀመሪያው፣ ማዜራቲና ዴ ቶማሶ በሁለተኛው፣ ላምቦርጊኒ በሦስተኛው ሥር ሰደዱ። በዙሪያቸው ደግሞ ስማቸው በመኪናው ላይ የማይጻፍ ብዙ ትንንሽ ወርክሾፖች ነበሩ፤ ላሜራ ቀጥቃጮች፣ ብረት አቅላጮች፣ ወንበር ሰፊዎች። ለፌራሪ ቦዲ ይሠራ በነበረው በሰርጆ ስካልየቲ ወርክሾፕ የአሉሚኒየም ላሜራ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተዘርግቶ በመዶሻ ይጎብጥ ነበር። ሠራተኛው ይመታል፣ ከቅርጹ ጋር ያስተያያል፣ እንደገና ይመታል። ከአንዱ መኪና የወለቀ በር ሌላው ላይ ያለ ማስተካከያ አይገጥምም፤ የአንዱ መኪና ግራና ቀኝ እንኳ በመለኪያ ሲታይ እኩል አይመጣም። ዛሬ በኮምፒውተር ልኬት ፍጹም ተስተካክሎ፣ እንደ መስታወት በሚያበራ ቀለም ተለብጦ የሚወጣ ቦዲ በ1962 ማንም ያላየው ነገር ነው። ከልክ በላይ የታደሰ መኪና ሲቀርብለት ልምድ ያለው ዳኛ ፊቱን የሚያጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የላምቦርጊኒ ሚዩራ ታሪክ ነገሩን ከማንም በተሻለ ያሳያል። በ1965 ቶሪኖ ላይ ለሕዝብ የቀረበው ቦዲ ያልለበሰ ሻንሲ ብቻ ነበር፤ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ በአግድም ተቀምጦ። በመጋቢት 1966 ጄኔቫ ላይ ሲታይ ማርቼሎ ጋንዲኒ በቤርቶኔ ቤት የሣለውን ቦዲ ለብሶ ነበር። ኢንጂነሮቹ ጃን ፓዎሎ ዳላራና ፓዎሎ ስታንዛኒ፣ የኒውዚላንዱ ተወላጅ የሙከራ ሾፌር ቦብ ዋላስም፣ ሥራውን ሲጀምሩ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም። ድፍረታቸው የወጣት ድፍረት ነው፤ መኪናውም ችግሮቹን ይዞ ነው የወጣው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ስለዚህ ከማርሽ የተፋቀ የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ መንገድ ያገኛል። በከፍተኛ ፍጥነት የፊቱ ክፍል ከመሬት የመነሳት ጠባይ አለው። ለውድድር የታሰቡት ካርቡሬተሮች በከተማ መንገድ ቆመው ሲሠሩ ቤንዚን ያቁራሉ፤ የቆረው ቤንዚን ከጋለ ሞተር ጋር ሲገናኝ በእሳት የጠፉ ሚዩራዎች ጥቂት አይደሉም።

ከ1966 እስከ 1973 በዘለቀው የሚዩራ ምርት ፋብሪካው ያለማቋረጥ እያረመ ቀጠለ። የሻንሲው ላሜራ ወፈረ፤ በ1968 ኤስ የተባለው፣ በ1971 ደግሞ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማና የተሻሻለ የኋላ ሻንሲ ያለው ኤስቪ ወጣ፤ ወደ መጨረሻው የተሠሩት ኤስቪዎች ላይ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይት ተለያየ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሳያስቡት የሙከራ ሾፌሮች ሆነው ነበር ማለት ይቻላል። ለጥገና ወደ ሳንታጋታ የተመለሱ አንዳንድ መኪኖችም የኋለኞቹን ዕቃ ገጥመው ተሻሽለው ወጥተዋል። እንግዲህ የፋብሪካውን በር መስፈርት የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። በሩ አንድ ነው፤ መኪናው ግን ሁለት ጊዜ ወጥቶበታል።

«በ1967 ተወልዶ በ1971 ፋብሪካው ራሱ የለወጠው ሚዩራ፣ ወደየትኛው ልደቱ ይመለስ?»

እምቢታ የወለደው ፌራሪ

ከፋብሪካው ውጭ የተደረጉ ለውጦችስ? አጥባቂዎቹ እዚህ ላይ በሩን ይዘጋሉ፤ ፋብሪካው ካልነካው ጉዳት ነው ይላሉ። እስቲ በ1961 መጨረሻ ፌራሪ ቤት የተፈጠረውን እንይ። በርካታ ዋና ዋና ሰዎች ከኤንዞ ፌራሪ ጋር ተጣልተው ወጡ፤ ከመካከላቸው 250 ጂቲኦን ያስጀመረው ኢንጂነር ጆቶ ቢዛሪኒ ነበረበት። የቬኒስ ሰውና የውድድር ቡድን ባለቤት የነበረው ወጣቱ ካውንት ጆቫኒ ቮልፒ የወጡትን ሰዎች በገንዘብ ደገፈ። ኤንዞ ፌራሪም ለቮልፒ ጂቲኦ አልሸጥም አለ። ቮልፒ አልተሸነፈም። በእጁ የነበረውን አጭር ሻንሲ ያለው 250 ጂቲ ለቢዛሪኒ ሰጠው። ቢዛሪኒ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው፣ አፍንጫውንም ዝቅ አደረገው፤ በሞዴና ፒዬሮ ድሮጎ ቤት የተሠራው አዲስ ቦዲ ጣሪያውን ቀጥ አድርጎ እስከ ኋላ ድረስ ወስዶ በድንገት ይቆርጠዋል። ዳቦ እንደሚያመላልስ የዕቃ መኪና ስለሚመስል «ብሬድቫን» የሚለው ቅጽል ስም ተለጠፈበት። በ1962 ለ ማን ውድድር ላይ፣ ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ እስኪሰበር ድረስ፣ እምቢ የተባለባቸውን ጂቲኦዎች ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

ይህ መኪና ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደዱት ፌራሪዎች አንዱ ነው። በፋብሪካው በር ሕግ ብንሄድ የድሮጎ ቦዲ ተገፎ ሻንሲው ወደ 1961 መልኩ መመለስ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሐሳብ በቁም ነገር የሚያቀርብ ሰብሳቢ የለም። ለምን? ለውጡ የተደረገው መኪናው ሥራ ላይ ሳለ፣ ለሥራው ሲባል፣ በታወቀ እጅ፣ በታወቀ ምክንያት ስለሆነ ነው። የአንድ ዘመን ጠብ፣ ክህሎትና ግትርነት በላሜራው ላይ ይነበባል። አጥባቂዎቹ ራሳቸው ይህን መኪና ሲያዩ ሕጋቸውን ዝም ብለው ያልፉታል፤ እኔ የምጠይቀው ይህ ማለፍ ስም ተሰጥቶት ሕግ እንዲሆን ብቻ ነው።

ገበያውም ከአጥባቂዎቹ ንግግር ይልቅ ለዚህ ሐሳብ ይቀርባል። በ2018 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ 48 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በዚያን ጊዜ በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ ውዱ ሆነ። መኪናው በ1962 የተሠራ ነው፤ የለበሰው ቦዲ ግን በ1964 ስካልየቲ የቀየረለት፣ የተከታዩ ትውልድ ቅርጽ ነው። ገዢው «የልደቱ ልብስ አይደለም» ብሎ እጁን አላጠፈም።

ሌላው ምሳሌ ደንበኛ ፋብሪካውን የመራበት ነው። በ1974 ለሽያጭ የወጣው ላምቦርጊኒ ኩንታሽ ኤልፒ400 ጠባብ ጎማና ንጹሕ ጎን ነበረው፤ ክንፍ የለው፣ የጎማ ቅንድብ የለው። የፎርሙላ ዋን ቡድን ባለቤት የሆነው የካናዳው ነጋዴ ዋልተር ዎልፍ ይህ አልበቃውም። ፒሬሊ በወቅቱ ያወጣውን ሰፊ ጎማ እንዲገጥም፣ ለዚያም ቅንድቦቹ እንዲወጡ፣ ከኋላ ክንፍ እንዲቆም አዘዘ፤ ሥራውን ዳላራ መራው። በ1978 ፋብሪካው ያወጣው ኤልፒ400ኤስ የዚያ ትእዛዝ ልጅ ነው። በ1980ዎቹ በዓለም ዙሪያ በወጣቶች መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ባለ ክንፍ ኩንታሽ መነሻው የአንድ ደንበኛ ፍላጎት ነበር ማለት ነው፤ ክንፉ ደግሞ በቀጥታ መንገድ ላይ መኪናውን የሚያዘገይ እንጂ የሚያፈጥን አልነበረም። የዎልፍን መኪና ወደ 1974ቱ መልክ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚያተርፍ አላውቅም፤ የሚያጠፋው ግን የአንድ ሞዴል መነሻ ሰነድ ነው።

የዚንኩ ሚዩራ

ክርክሩ በቀላሉ የማይፈታበት ቦታ አለ፤ እሱን መዝለል ተገቢ አይሆንም። በ1968 መጀመሪያ ቤርቶኔ በብራስልስ የመኪና ትርኢት ጣሪያ የሌለው ሚዩራ አቀረበ። ጣሪያ ቆርጦ ከመጣል ያለፈ ሥራ ነበር፤ የፊት መስታወቱ ይበልጥ ተኝቷል፣ የኋላው ቦዲ እንደ አዲስ ተስሏል፣ ሞተሩ ሳይሸፈን ይታያል፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አብረቅራቂ ሰማያዊ ነው። ቤርቶኔ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሚዩራ አልሠራም። ከትርኢቱ በኋላ የገዛው ያልተጠበቀ ደንበኛ ሆነ፤ በእርሳስና በዚንክ ላይ የሚመራመር የኢንዱስትሪው ዓለም አቀፍ ድርጅት። ድርጅቱ ብረቱ በመኪና ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊያሳይ ፈለገ። ቤርቶኔ ራሱ መኪናውን ፈታው፤ ብዙ ክፍሎቹን በዚንክ ቅይጥና በዚንክ ልባጥ ተካ፣ በጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀባው። ዜድኤን75 የሚል አዲስ ስም ይዞ በ1969 ወደ አደባባይ ተመለሰ፤ በዚህ ማንነቱም ለብዙ ዓመታት ኖረ። ከብዙ ባለቤት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ወርክሾፕ እጅ ገባ፤ በ2008 በካሊፎርኒያው የፔብል ቢች የጥንታዊ መኪኖች ውድድር ላይ የታየው ግን ሰማያዊው የብራስልስ ሚዩራ ነበር።

የጥገናው ጥራት አያጠያይቅም። ሥራውን ያገዙ ሰዎች የድሮ ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ አጥንተዋል፣ የጠፉ ቅርጾችን እንደገና ሠርተዋል። ብዙ ወዳጆችም ሰማያዊውን ሲያዩ የጋንዲኒን ሐሳብ በንጽሕናው እንዳገኙት ተሰምቷቸዋል፤ ይህን ስሜት የሚያቃልል ሰው መኪና አይወድም። ጥያቄው ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልክ የኖረው አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ። ሁለተኛውን የሠራው የመጀመሪያውን የሠራው ያው ቤት ነው፤ ሥራውም በሰነድ ተመዝግቧል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ አረንጓዴው መኪና ስለ ዘመኑ የሚናገረው ነገር ነበረው። የዚያን ዘመን የጣሊያን መኪና ትልቁ ጠላት ዝገት ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት የመኪና ኢንዱስትሪው የቦዲ ላሜራን በዚንክ መለበጥን በስፋት ሲይዝ ያ ጠላት ተዳከመ። ዜድኤን75 የዚህ ሐሳብ ቀደምት ማሳያ ነበር፣ ያውም በዘመኑ እጅግ የሚያምረውን መኪና ለብሶ። ሁለቱ ማንነቶች በአንድ ሻንሲ ላይ አብረው ሊኖሩ አይችሉም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነበር። ምርጫው ለእኔ ቢሆን አረንጓዴውን እተወው ነበር። ሰማያዊውን በፎቶግራፍ እናውቀዋለን፤ አረንጓዴውን ደግሞ በብረት ይዘነው ነበር።

«አረንጓዴውን በብረት ይዘነው ነበር»

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ይፈቀዳል»

ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ ይነሳል። ለውጥ ሁሉ ታሪክ ከሆነ፣ ማንም ጋራዥ ያበላሸው መኪና ታሪካዊ ነኝ ሊል ነው። የሚጠቀሰው ምሳሌ በ1968 የወጣው ፌራሪ ዴይቶና ነው። ፋብሪካው ጣሪያ የሌላቸውን ከ120 ብዙም ያልዘለሉ ብቻ ነው የሠራው፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ባለ ጣሪያዎቹ ዴይቶናዎች እየተቆረጡ ጣሪያ አልባ ተደረጉ። ሥራው አንዳንዴ በጣም ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ የተቆረጠው መኪና ዛሬ ከእውነተኛው ጣሪያ አልባ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ጣሪያው ተመልሶ የተበየደለት መኪናም አለ።

እዚህ ላይ አጥባቂዎቹ ትክክል ናቸው፤ የሚሰጡት ምክንያት ግን አይደለም። የዴይቶናው ጥፋት ከፋብሪካው በር በኋላ መለወጡ አይመስለኝም። የተለወጠው ሌላ፣ የሚበልጠውን መኪና ለመምሰል መሆኑ ነው። መለያው መስመር ያለው በዚህ ነው፤ ቢዛሪኒ የቮልፒን መኪና የለወጠው እንዲሮጥ ነው፣ ጣሪያ ቆራጩ የቆረጠው ብርቁን እንዲመስል ነው። ዋላስ በ1970 አንዱን ሚዩራ በቀላል ላሜራ፣ ከመሬት ባነሰ ከፍታ፣ ለውድድር ደንብ በሚመች መልክ ሠርቶ ጆታ የተባለውን ሲያወጣ ይሞክር ነበር። ያ መኪና በ1971 ብሬሻ አጠገብ ተጋጭቶ በእሳት ጠፋ። ዝናውን የሰሙ ደንበኞች ፋብሪካውን ወተወቱ፤ በጣት የሚቆጠሩ ኤስቪዎችም ኤስቪጄ ሆነው ተሠሩ፤ አንዱ የኢራኑ ሻህ ነበር። እነዚህ በዘመናቸው፣ በፋብሪካው እጅ የተደረጉ ናቸውና ክብራቸው የታወቀ ነው። ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ ተመሳሳዩን ጭንብል ያጠለቁ ሚዩራዎች ግን የዋላስን ጥያቄ አይጠይቁም፤ መልሱን ብቻ ይገለብጣሉ። በግልጽ «አምሳያ ነኝ» እስካሉ ድረስ ነውር የለባቸውም። ላምቦርጊኒ ራሱ በብልሽት ሙከራ የጠፋውን የ1971 የመጀመሪያ ኩንታሽ በ2021 ለአንድ ሰብሳቢ እንደገና ሲሠራ አዲስ ሥራ መሆኑን አልደበቀም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጨረታ ቤቶችና ከኢንሹራንስ ሰዎች የሚሰማው ነው፤ ገበያ ቀላል መስፈርት ይፈልጋል፣ ቁጥር ደግሞ አይዋሽም። ቁጥር ላይ ብቻ መደገፍ የት እንደሚያደርስ በ2023 ሞንተሬይ ላይ ታይቷል። በእሳት ተቃጥሎ፣ ተጨማድዶ፣ መኪና መሆኑ እንኳ ለማየት የሚያዳግት የፌራሪ 500 ሞንዲያል ቅሪት ወደ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። የተከፈለው ለማንነቱ ነው፤ ለሻንሲ ቁጥሩና ለታሪኩ። በዚያ ቅሪት ዙሪያ አብዛኛው ክፍሉ አዲስ የሆነ መኪና ሊነሳ ይችላል፤ ቁጥሩም ሕጋዊ ይሆናል። በአንጻሩ ሞተሩ በ1965 ውድድር ላይ ተሰብሮ በፋብሪካው ሌላ ሞተር የተገጠመለት፣ የቀረው አካሉ ግን ሳይነካ የኖረ መኪና ቁጥሩ ስላልገጠመ ብቻ ይናቃል። ጥብቅ ነኝ የሚለው መስፈርት በሥራ ላይ ሲውል ለአዲስ ብረት ይራራል፣ ለአሮጌው ይጨክናል። ይህ የሚያረካው ሰው ካለ ገዢ ነው እንጂ የታሪክ ወዳጅ አይደለም።

ሦስተኛው የሾፌሮች ተቃውሞ ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው። ሚዩራውን የሚነዳ ሰው ካርቡሬተሩ ቤንዚን እንዳያቁር ማስተካከያ ቢያደርግ፣ የዘይት መለያየቱን ቢያሠራ፣ የተሻለ የራዲያተር ማራገቢያ ቢገጥም ምን አጠፋ? ምንም። የተቃጠለ ኦሪጅናል መኪና ከዳነ የተሻሻለ መኪና አይበልጥም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር እዚህ ላይ የሚያስማማ መንገድ ይዟል። መኪናው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን የተደረገበት ለውጥ የታሪኩ ምስክር ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል፣ መኪናን ወደ ተሠራበት ቀን መልክ መመለስም ግዴታ አይደለም ይላል፤ ዛሬ የሚደረገው ለውጥ ደግሞ ጥቂት፣ የሚመለስና የተመዘገበ እንዲሆን ይጠይቃል። የወለቀው ዕቃ ይቀመጥ፣ አዲሱ ይታወቅ፣ ማስታወሻ ይጻፍ ነው ነገሩ።

አቧራው የሚሸጥበት ዘመን

ባለፉት ዓመታት ሚዛኑ ወዳልታደሱ መኪኖች አጋድሏል። በ2015 ፓሪስ ላይ አንድ ቤተሰብ በምዕራብ ፈረንሳይ ለአሥርታት ጥሎት የነበረ የመኪና ክምችት ሲሸጥ፣ በአንድ ወቅት የተዋናዩ የአላን ደሎን የነበረው፣ ሲገኝ የጋዜጣና የመጽሔት ክምር ተጭኖበት የነበረው ፌራሪ ካሊፎርኒያ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። በ2017 ደግሞ በጃፓን ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው፣ ለመንገድ ከተሠሩት ዴይቶናዎች ብቸኛው የአሉሚኒየም ቦዲ ያለው፣ አቧራውን እንደተሸከመ ማራኔሎ ላይ ቀርቦ ከ1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተከፈለበት። በ2024 ፔብል ቢች ታላቁን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ላልታደሰ መኪና ሰጠ፤ ጣሊያናዊ ሳይሆን ቡጋቲ ቢሆንም የዘመኑን ስሜት ያሳያል። በ1980ዎቹ ቡናማና አረንጓዴ የነበሩ ፌራሪዎች ገዢ እንዲያገኙ ቀይ ይቀቡ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ቀዩ ተፍቆ ወደ ቀደመ ቀለማቸው ይመለሳሉ።

ይህ ለማስረጃ የሚቆም ሰው የሚደሰትበት ለውጥ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አቧራ ራሱ ማስረጃ አይደለም። አይጥ የበላው ወንበር ስለ ሞዴና ሰፊዎች የሚነግረን የለም፤ ስፌቱ ያልተፈታ፣ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ግን ይነግረናል። የመጀመሪያው ቀለም ከሥሩ የተቀባበትን መንገድ ያሳያል፤ በላዩ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ግን ጋራዡ መጥፎ እንደነበር ብቻ ነው የሚመሰክረው። ልዩነቱን የሚያውቀው ዓይን ያለው ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ደግሞ የምስክር ወረቀት አይተካውም።

ቀጣዮቹ ተጠርጣሪዎች

ክርክሩ አሁን ወደ ሌሎች የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ መኪኖች እየተሻገረ ነው፤ እዚያ ደግሞ ያልተለወጠውን ማግኘት ራሱ ብርቅ የሆነበት አለ። ዴ ቶማሶ ፓንቴራ ከ1971 ጀምሮ በፎርድ ኩባንያ የሊንከን-መርኩሪ ሻጮች በኩል አሜሪካ ሲገባ፣ ጣሊያናዊ ቦዲና የፎርድ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ሞተሩ ይግላል፣ ላሜራው ይዝጋል፤ የሞተሩ ዕቃ ግን በየሱቁ በርካሽ ይገኛል። ባለቤቶቹ ስለዚህ በገዛ እጃቸው አረሙት፤ ራዲያተር ለወጡ፣ ጎማ አሰፉ፣ ጉልበት ጨመሩ። ዛሬ ማንም ያልነካው ፓንቴራ ከተለወጠው ይልቅ ያስገርማል፤ የተለወጡትም የአንድ ትውልድ የሰንበት ሥራ ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ በወጡት የኋለኞቹ ኩንታሾች ላይ ደግሞ ሕጉ ያስገደደው ወፍራም ፓራውልት ነበር፤ ብዙ ገዢዎች ገና መኪናው እንደደረሳቸው አወለቁት። ጥብቅ ኦሪጅናልነት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ያንን ማንም ያልወደደውን ፓራውልት ፍለጋ መዞር አለበት። በሙኒክ የነበረው ኮኒግ ስፔሻልስ በበኩሉ ፌራሪ ቦክሰሮችንና ቴስታሮሳዎችን እያሰፋ፣ ቱርቦ እየጨመረ የዘመኑን ሀብታሞች አጠገበ፤ የማራኔሎ ሰዎች በበጎ ዓይን አላዩትም።

የኮኒግ መኪኖች ለእኔ ዓይን አያምሩም። ቢሆንም ዛሬ ከእነሱ አንዱን ገዝቶ የጎን ክንፎቹን ቆርጦ፣ ቱርቦውን አውርዶ «ወደ ኦሪጅናሉ መለስኩት» የሚለው ሰው እጁን ቢሰበስብ እመርጣለሁ። ለውጡ የተደረገው መኪናው አዲስ ሳለ፣ በታወቀ ቤት፣ በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ተራ ቴስታሮሳ ደግሞ በሺህዎች የሚቆጠር ተሠርቷል። የግድ የሚፈርስ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሳ፤ የለዋጩ ቤት ደረሰኝ፣ ልኬቱ፣ የቀለሙ ቁጥር ይመዝገብ፤ የወለቀው ፋይበርና የወረደው ቱርቦ በሣጥን ታሽጎ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ መኪናው በተሸጠ ቁጥር አብሮ ይሂድ። ዳኞችም ያ ሣጥን አብሮት ለሚመጣ መኪና ነጥብ ቢሰጡ፣ ያለ ሣጥን ለሚመጣው ቢቀንሱ፣ የወርክሾፖቹ አሠራር በጥቂት ዓመት ውስጥ ይለወጣል።